ከሽሮ ሜዳ እስከ ቦሌ፦ ወደ ኤሌክትሪክ የተቀየረ አንድ ብስክሌት የፍሬን ጉዳይ

ብስክሌቱ ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ቴላዮው (ዋናው የብስክሌቱ አካል) አልሙኒየም የሆነ፣ ፊቱ ላይ ሞላ ያለው ፎርኬላ (የፊት ጎማውን የሚይዝ ሹካ) የተገጠመለት የተራራ ብስክሌት ነው። ባለቤቱ ያገለገለ ሆኖ ከመርካቶ ከገዙት በኋላ ለጥቂት ዓመታት በጉልበታቸው ሲነዱት ቆይተዋል። መኖሪያቸው ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ሲሆን የሥራ ቦታቸው ደግሞ ቦሌ አካባቢ ነው። ጠዋት መውረዱ ቀላል፣ ማታ መመለሱ ግን ፈተና ስለነበረ ባለ 48 ቮልትና 1000 ዋት የመቀየሪያ ዕቃ ከውጭ አስመጡ፤ ሞተሩን በኋላ ጎማ ላይ አስገጥመውም ዳገቱን ያለ ላብ መውጣት ጀመሩ። ወደ ጥገና ቤታችን ያመጣቸው ግን ቁልቁለቱ ነው።

በክረምት አንድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርዱ፣ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪ ለማውረድ ከፊታቸው ድንገት ጥግ ይዞ ይቆማል። ሁለቱንም የፍሬን እጀታዎች መሪውን እስኪነኩ ድረስ ጨብጠው የቆሙት ከታክሲው የኋላ መብራት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ሁኔታውን ሲገልጹልን «ፍሬኑ ይይዛል፤ ግን እሱ እስኪይዝ እኔ ደርሻለሁ» አሉ። የጠየቁን አዲስ የፍሬን ጎማ እንድንቀይርላቸው ብቻ ነው። ብስክሌቱን ሰቅለን ስንፈትሽ ግን ነገሩ በፍሬን ጎማ የሚያልቅ ሆኖ አላገኘነውም፤ ስለዚህም ያየነውን፣ ያሰላነውንና የወሰንነውን በጽሑፍ ማስቀመጡ ተመሳሳይ ለውጥ ላሰቡ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ምርመራው

ከፊት ጀመርን። የፊቱ ፍሬን ቸርኬውን (ጎማው የሚቀመጥበትን ክብ) ከግራና ከቀኝ በሁለት የፍሬን ጎማ የሚቆነጥጠው፣ ቪ ብሬክ የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለቱ ጎማዎች ፊታቸው ደርቆና አብረቅርቆ ነበር፤ በጥፍር ሲጫሩ ምልክት አይቀበሉም፤ ከቸርኬው የተፋቀ የአልሙኒየም ብናኝም ተሰክቶባቸዋል። ቸርኬው ራሱ ፍሬኑ በሚነካው ገጹ ላይ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ስለነበረ የብረት ማስመሪያ ጠርዝ ስናስጠጋበት በመካከል ብርሃን ያሳልፍ ነበር። እንዲህ የተበላ ቸርኬ ቀጥኖ ሲያበቃ በጎማው የአየር ግፊት ብቻ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ሌላ ምንም ለውጥ ባይታሰብ እንኳ ከአገልግሎት መውጣቱ የማይቀር ነበር።

የኋላው ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር ነበረበት። ሞተሩ በጎማው እምብርት ውስጥ ተተክሎ፣ ቸርኬውም አብሮት ተሠርቶ የሚመጣ ስለሆነ የብስክሌቱ የቀድሞ የኋላ ጎማ እንዳለ ተነሥቷል። አዲሱ ቸርኬ ጠንካራና ባለ ድርብ ግድግዳ ነው፤ ነገር ግን ለዲስክ ፍሬን (በጎማው እምብርት ላይ የታሰረ ክብ ብረት በመቆንጠጥ ለሚያቆመው) ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ጎኑ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል፣ ለፍሬን ጎማ ተብሎ የተላገ ገጽም የለውም። ከቴላዮው ጋር የነበረው ቪ ብሬክ ሳይነካ ስለቀረ የፍሬኑ ጎማዎች የሚይዙት ቀለሙን ነበር። ቀለሙ እየተላጠ በጎማዎቹ ላይ ተለስኗል፤ በደረቅ ቀን በጥቂቱ ይይዛል፣ ዝናብ ሲያገኘው ግን ያንሸራትታል።

እጀታዎቹም ከመቀየሪያው ዕቃ ጋር የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ እጀታ ሲሳብ ለኮንትሮለሩ (ለሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ) ምልክት የሚልክ ትንሽ ማብሪያ በውስጡ አለው፤ ምልክቱ ሲደርስ ኮንትሮለሩ ለሞተሩ የሚሰጠውን ኃይል ይቆርጣል። ይህ እጅግ ጠቃሚ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ፍሬን እየያዘ ሞተሩ የሚገፋ ከሆነ ፍሬኑ ከሁለት ኃይል ጋር ይታገላል። ሆኖም ቪ ብሬክ ለመያዝ ገመዱ ረጅም መሳብ አለበት፤ እነዚህ እጀታዎች ደግሞ ለአጭር ስበት የተሠሩ ናቸው። የፍሬኑ ጎማዎች ቸርኬውን በሚገባ ሳይጫኑ እጀታው ጉዞውን ጨርሶ መሪው ላይ ያርፋል። ባለቤቱ በዚያ ጠዋት የጨበጡት፣ ከዚያ በላይ ምንም የማይሰጥ እጀታ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተደርበዋል። የመጀመሪያው የገመዱ ሽፋን ነው። የማርሽ ገመድ ሽፋን በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ወደ ርዝመቱ የተዘረጉ ሲሆኑ፣ የፍሬን ገመድ ሽፋን ግን ሽቦው ዙሪያውን የተጠመጠመ ነው፤ የመጀመሪያው ለፍሬን ኃይል ሲጋለጥ ሊሰነጠቅና ሊፈነዳ ይችላል። ዕቃውን የገጠመው ሰው ከፊት ፍሬን ላይ ያገኘውን የማርሽ ሽፋን ቆርጦ አስገብቶበታል፤ ከእጀታው መውጫ አጠገብም ሽፋኑ ማበጥ ጀምሮ ነበር። ሁለተኛው፣ የግራው እጀታ የምልክት ሽቦ አልደረሰ ብሎ ይሁን ተረስቶ፣ ከኮንትሮለሩ ጋር ሳይገናኝ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ ቀርቷል። ስለዚህ ሞተሩን የሚቆርጠው የቀኙ እጀታ ብቻ ነበር።

ባለቤቱ ፍሬኑም አብሮ ተቀይሯል ብለው ማመናቸው የሚያስወቅሳቸው አይመስለኝም። የመቀየሪያው ሳጥን ሲከፈት አዲስ እጀታ አለ፣ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል የሚል ጽሑፍ አለ፣ የዲስክ መግጠሚያ ስድስት ቀዳዳም በሞተሩ ሽፋን ላይ ይታያል። ይህ ሁሉ ሲታይ ፍሬን የተሟላ ይመስላል፤ መንገድ ላይ ግን ብስክሌቱን ያቆሙት የነበሩት ያው ለሰው ጉልበት ታስበው የተሠሩት አሮጌዎቹ ቪ ብሬኮች ናቸው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

ከለውጡ በፊት ነጂው፣ ብስክሌቱና ቦርሳው አንድ ላይ ወደ 92 ኪሎ ግራም ይመዝኑ ነበር። ሞተሩ፣ ባትሪውና ሌላው ዕቃ 12 ኪሎ ግራም ያህል ስለጨመሩ ጠቅላላው 104 ኪሎ ግራም ሆነ። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን የክብደት ጭማሪ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ክብደቱ ከችግሩ ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ፍጥነቱ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የቀድሞው ብስክሌት የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት 1400 ጁል ያህል ሲሆን፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄደው አዲሱ ግን ወደ 6400 ጁል ይሸከማል። ክብደቱ በአንድ ስምንተኛ ቢጨምር፣ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበት ግን ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኗል።

የማቆሚያ ርቀትም በዚያው መጠን ይለያያል። ፍሬኑ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ3 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስ ነው ብንል፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመቆም 5 ሜትር ያህል ሲበቃ፣ ከ40 ለመቆም ግን ከ20 ሜትር በላይ ያስፈልጋል። ሰው አደጋውን አይቶ እጀታውን እስኪጨብጥ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ በመጀመሪያው ሁኔታ 5 ሜትር ተኩል፣ በሁለተኛው 11 ሜትር ያህል መጨመር አለበት። ድምሩ በአንድ በኩል 11 ሜትር፣ በሌላ በኩል ከ31 ሜትር በላይ ይሆናል። ዝናብ የመታው ቸርኬና የደረቀ የፍሬን ጎማ ደግሞ እንኳን ይህን ያህል ሊይዙ ግማሹንም ላይሰጡ ይችላሉ።

ሌላው የቁልቁለቱ ጉዳይ ነው። መቶ ሜትር ሲሄድ ስምንት ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነትን ጠብቆ ለመውረድ፣ ከዚህ ክብደት የሚመጣው የስበት ኃይል ወደ 680 ዋት ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ አየሩና የጎማው ግጭት 230 ዋት ያህሉን ቢወስዱ፣ የቀረው 450 ዋት በፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ይህም የአንድ ካውያ ግማሽ የሚሆን ሙቀት ለደቂቃዎች ያለማቋረጥ በቸርኬው ላይ እንደ ማሳረፍ ነው። በመዲናችን ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በአምስተኛ ያህል የጎደለ በመሆኑ፣ ሌላ አገር ላይ ነፋሱ የሚያግዘውን ያህል እዚህ አያግዝም፤ በጠፍጣፋ የአውሮፓ ከተማ የተጻፈ ምክር እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው እንዳለ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቸርኬው ሲግል ሙቀቱ ወደ ጎማውና ወደ ካላማዳሪያው ስለሚተላለፍ፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቁ መውረድ ካላማዳሪያ ሊያፈነዳ ይችላል። ዲስክ ግን ሙቀቱን የሚይዘው ከጎማው ርቆ ነው።

የቀረቡት አማራጮች

ባለቤቱ በመጀመሪያ ያነሡት ሐሳብ የኋላውን ወደ ዲስክ መቀየር ነበር፤ ምክንያቱም የሞተሩ ሽፋን ዲስክ ለማሰር የሚያስችል ቀዳዳ አለው። ቴላዮው ላይ ግን ካሊፐሩን (ዲስኩን በሁለት የፍሬን ሸራ የሚቆነጥጠውን ክፍል) የሚሸከም ጆሮ የለም። ሰፈራቸው ያለ አንድ በያጅ ከብረት ቆርጦ ሊበይድላቸው ቃል ገብቶላቸዋል። ይህን ተቃወምን። ቴላዮው አልሙኒየም ስለሆነ ብረት ሊበየድበት አይችልም፤ አልሙኒየም በአልሙኒየም ቢበየድም በፋብሪካ በሙቀት ተገርቶ ያገኘውን ጥንካሬ ብየዳው በነካው አካባቢ ያጣል፣ ያንን የሚመልስ ምድጃም በየብየዳ ቤቱ አይገኝም። በቀጭን የኋላ ቱቦ ላይ የዲስክ ፍሬን የሚጥለው ጉልበት ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ የሚያርፍ ነው። ቴላዮው ብረት ቢሆን ኖሮ ሐሳቡን ቢያንስ እንወያይበት ነበር፤ ፎርኬላ ላይ ግን ብረትም ቢሆን አንሞክረውም።

ከዚህም በላይ ገንዘቡ መዋል ያለበት ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነው። ብስክሌት በኃይል ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይጋደላል፤ የኋላው ጎማ እየቀለለ ሄዶ ትንሽ ሲያዝ ይንሸራተታል፣ የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊቱ ነው። ከኋላ ያለው ሞተር ክብደት የኋላውን ጎማ በመጠኑ ይዞት መቆየቱ እውነት ነው፤ ግን ሚዛኑን አይገለብጠውም። አገራችን ላይ የፊት ፍሬን «ይገለብጣል» ተብሎ ስለሚፈራ ብዙ ነጂ ከልጅነቱ ጀምሮ የኋላውን ብቻ መያዝ ይለምዳል፤ እኚህ ሰውም እንደዚያው ነበሩ። ለዚህ የሚበጀው በደንብ የሚለካ፣ ቀስ በቀስ የሚጠነክር የፊት ፍሬን መግጠምና ነጂው ክንዱን አጽንቶ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ስቦ መያዝን በባዶ ሜዳ ላይ እንዲለማመድ ማድረግ ነው።

መልካም አጋጣሚ ሆኖ ፎርኬላው የዲስክ ካሊፐር የሚታሰርበት ጆሮ ከፋብሪካው ጀምሮ ነበረው። በርካሽ የተራራ ብስክሌቶች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ፎርኬላው ለሁለቱም ፍሬን ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ጎማው ግን ዲስክ አይቀበልም። ስለዚህ አዲስ የፊት ጎማ፣ እምብርቱ ላይ ባለ ስድስት ቡሎን ዲስክ የሚታሰርበት፣ ማስገጠም በቂ ነበር። ያለቀው ቸርኬ መቀየሩ ግድ ስለነበረ ተጨማሪው ወጪ ያን ያህል አልከበደም።

የቀረው ጥያቄ በሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት) እና በገመድ በሚሠራ ዲስክ መካከል መምረጥ ነበር። በኃይልም፣ በእጅ ስሜትም፣ የፍሬን ሸራው ሲያልቅ ራሱን በማስተካከልም ሃይድሮሊኩ ይበልጣል፤ እንደ ሺማኖ ኤምቲ 200 ያለ ባለ ሁለት ፒስተን ቀላል ሃይድሮሊክ እንኳ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ሺማኖ፣ ቴክትሮና ማጉራ የሚሠሩበት ዘይት የማዕድን ዘይት ነው። ሶማሌ ተራ በየሱቁ የሚገኘው ግን ለመኪና የሚሆነው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ይህ ዘይት በማዕድን ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ የላስቲክ ማሸጊያዎቹን ያሳብጣቸዋል፤ ፍሬኑ መጀመሪያ ይጠነክራል፣ ቀጥሎ መመለስ ያቅተዋል፣ በመጨረሻም ያፈሳል። ዘይት ቀጣዩ መካኒክ የሚያገኘውን ነው የሚጨምረው፤ ጠርሙሱን አንብቦ የሚመልስ ጥቂት ነው። ትክክለኛው ዘይት የሚገኘው ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ሲያመጣ ነው። ገመድ ግን የትም ሰፈር ቢበጠስ በግማሽ ሰዓት ይቀየራል። በዚህ ምክንያት ለሌላ ከተማ የማልመክረውን ለአዲስ አበባ መከርኩ፤ በገመድ የሚሠራ፣ ለረጅም ስበት የተዘጋጀ፣ ሁለቱም የፍሬን ሸራዎች ለየብቻ በእጅ የሚጠጉበት ካሊፐር ተመረጠ። የፎርኬላው መመሪያ እስከ 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ስለሚፈቅድ የ180ውን ወሰድን። ዲስኩ ሲሰፋ ካሊፐሩ ከአክስሉ ስለሚርቅ በዚያው የእጅ ኃይል የበለጠ ይይዛል፤ ሙቀት የሚያሳልፍበት ስፋትም ይጨምራል። ከመመሪያው በላይ ማለፍ ግን ፎርኬላውን ካልታሰበለት ጉልበት ጋር ማፋጠጥ ስለሆነ አይደረግም።

ሥራው

የካሊፐሩ ጆሮ ላይ የነበረውን ወፍራም ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አነሣን፤ ቀለሙ ከተተወ ካሊፐሩ ጠምሞ ይቀመጥና አንዱ ሸራ ጥጉ ብቻ ይበላል። ዲስኩን ወደ እምብርቱ ስናስር ስድስቱን ቡሎኖች በተቃራኒ እያፈራረቅን በየተራ አጠበቅን። ከዚያ በኋላ ዲስኩ በባዶ እጅ አልተነካም፤ ከጣት የሚቀር ቅባት እንኳ ሸራው ውስጥ ገብቶ ፍሬኑን ያዳክመዋል፣ የተበከለ ሸራ ደግሞ በመታጠብ አይመለስም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የፊት አክስሉ አያያዝ ነው። በተራ ፎርኬላ ላይ ካሊፐሩ ከእግሩ በስተኋላ ስለሚቀመጥ፣ ዲስኩ ሲያዝ አክስሉን ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ፎርኬላው ክፍት አፍ ይገፋዋል። ቪ ብሬክ እንዲህ ያለ ግፊት የለውም። የቀድሞው ጎማ በፈጣን መክፈቻ የሚታሰር ስለነበረ በአዲሱ ላይ ጠንካራ ዳዶ ያለው አክስል መረጥን፤ በፎርኬላው አፍ ላይ ያሉትን ትናንሽ መያዣ ከንፈሮችም ማንም በሞረድ እንዳይነካቸው ለባለቤቱ አስረዳን። ጎማ ለማውጣት ያስቸግራሉ ተብሎ የሚሞረዱበት ጊዜ አለና።

እጀታዎቹን ምልክት ሰጪ ማብሪያ ባላቸው፣ ነገር ግን ለረጅም ስበት በተሠሩ ቀየርን፤ የፍሬን ሽፋን ብቻ ተጠቀምን፤ የግራውንም ሽቦ አራዝመን ከኮንትሮለሩ ጋር አገናኘን። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሞተሩ እየዞረ እያንዳንዱን እጀታ ለየብቻ በትንሹ ስንስብ ሞተሩ ወዲያው መቆረጡን አረጋገጥን። ሃይድሮሊክ የመረጠ ሰው እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ የሃይድሮሊክ እጀታ ሲገጠም የዕቃው እጀታ ስለሚወጣ የሞተር መቁረጫውም አብሮ ይሄዳል። እጀታው ላይ ማግኔት፣ መሪው ላይ ደግሞ ትንሽ ሴንሰር በመለጠፍ መመለስ ይቻላል።

ኋላ ቪ ብሬኩ ቀረ፤ የቸርኬው ቀለም ፍሬን በሚነካበት ቦታ ብቻ እስከ አልሙኒየሙ ድረስ ተነሥቶ ለስላሳ የፍሬን ጎማ ገባበት። ይህ ሙሉ መፍትሔ አይደለም፣ ለፍሬን እንደተላገ ቸርኬ አይሆንም። ለኋላ ግን የሚያስፈልገው ማገዝ ብቻ ስለነበረ ለጊዜው ተቀበልነው።

አዲስ ዲስክና ሸራ እስኪላመዱ ድረስ በሚገባ አይይዙም፤ ባለቤቱም መጀመሪያ ሞክረው ፊታቸው ተለወጠ። በሜዳማ መንገድ ላይ ደጋግሞ ከመካከለኛ ፍጥነት ወደ እርምጃ ፍጥነት በማውረድ፣ ጎማው ሳይታሰርና ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ ከሸራው የሚወጣው ስስ ንብርብር በዲስኩ ላይ እኩል እስኪለጠፍ ማላመድ ያስፈልጋል። ይህን ካደረጉ በኋላ ልዩነቱን በሁለት ጣት መያዝ ጀምረው አረጋገጡልን። ውኃ በጄሪካን ባፈሰስንበት አስፋልት ላይም ሲሞከር ከደረቁ ብዙ የሚለይ አልነበረም።

በሞተሩ ስለ መያዝ

የሞተሩ ጉዳይ ሳይነሣ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። ይህ ሞተር በውስጡ ጥርስ የሌለው፣ ጎማው በዞረ ቁጥር አብሮ የሚዞር ዓይነት ስለሆነ፣ ሲወርድ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ወደ ባትሪው እየመለሰ ብስክሌቱን ሊያግት ይችላል። በውስጣቸው ጥርስና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ክላች ያላቸው ትናንሽ ሞተሮች፣ እንዲሁም በፔዳሉ ላይ የሚገጠሙት፣ ይህን አያደርጉም። የኛ ባለቤት በዚህ ችሎታ ብዙ ተማምነው ነበር፤ ሻጩም የነገራቸው ይህንኑ ነው። ሁለት ነገሮች ግን አልተነገሯቸውም።

አንደኛው የአክስሉ ነገር ነው። ሞተሩ ሲገፋ አክስሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ለመዞር ይታገላል፤ ሲያግት ደግሞ ወደ ተቃራኒው። በየቀኑ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ዳዶው ይላላል፣ አክስሉ የሚገባበት የአልሙኒየሙ ስንጥቅም እየሰፋ ይሄዳል። ጎማውን ስናወጣ በቴላዮው ስንጥቅ ከንፈር ላይ አክስሉ የፈተገው አዲስ የሚያንጸባርቅ ጭረት በሁለቱም በኩል ታየ፤ የአክስሉን መዞር የሚከላከለው የብረት ክንድ ግን በአንድ ወገን ብቻ ነበር የታሰረው። ስንጥቁ ሲሰፋ አክስሉ ዞሮ የሞተሩን ሽቦ በጥሶ ጎማውን ሊያስወጣ ስለሚችል፣ ቶርኖ ቤት አሠርተን ሁለተኛውን ክንድ በሌላው ወገን ጨመርን።

ሁለተኛው ባትሪው የሚሞላበት ሰዓትና ቦታ ነው፤ በእኔ እይታ የዚህ ጉዳይ እምብርት ይኸው ነው። ባትሪው 13 ሕዋሳት በተከታታይ የታሰሩበት ሲሆን ሙሉ ሲሆን 54.6 ቮልት ይደርሳል። ሙሉ የሆነ ባትሪ ተጨማሪ መቀበል የለበትም፤ ደኅና ኮንትሮለር ወይም የባትሪው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ መመለሱን ይቆርጠዋል። ባለቤቱ ግን የሚኖሩት ከላይ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሞላሉ፣ ጠዋት ከቤታቸው በር ቁልቁል ይጀምራሉ። የሞተሩ ፍሬን በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ሁልጊዜ የለም፤ ማታ ዳገቱን ሲወጡና በማያስፈልጋቸው ሰዓት ግን ይኖራል። በዚያ የክረምት ጠዋትም እጀታውን ሲጨብጡ ቀን ቀን የለመዱት የሞተሩ እገታ አልመጣላቸውም። በዚያ ላይ የብስክሌቱ ፍጥነት እየቀነሰ ሲሄድ የሞተሩ እገታ እየደከመ ይመጣል፤ ቆሞ ለመያዝማ ጭራሽ አይችልም።

የሚመለሰው ኃይልም ከሚወራለት ያነሰ ነው። ከቤታቸው እስከ ቦሌ ያለው መውረጃ 250 ሜትር ያህል ነው ብንል፣ ከጠቅላላው ክብደት የሚገኘው ከ70 ዋት ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ ባለ 13 አምፒር ሰዓት ባትሪያቸው ደግሞ 624 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከዚያ ላይ አየሩ፣ ጎማውና የሞተሩ ብክነት ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ እገታውን ለባትሪ መሙያ ብሎ መቁጠሩ ብዙም አያዋጣም፤ የፍሬን ሸራ ዕድሜ ማራዘሚያና በረጅም ቁልቁለት ላይ ሙቀት ማካፈያ አድርጎ መጠቀሙ ነው የሚሻለው፤ እርሱም ባትሪው ቦታ ሲኖረው።

መፍትሔው ከጥገና ቤት ውጪ ተገኘ። ባለቤቱ ከመሥሪያ ቤታቸው የንብረት ክፍል ኃላፊ ጋር ተነጋግረው ባትሪውን ቦሌ ላይ፣ ቀን በሥራ ሰዓት እንዲሞሉ ተፈቀደላቸው። ማታ በሙሉ ባትሪ ዳገቱን ይወጣሉ፤ ቤት ሲደርሱ የሚቀረው ለነገው ቁልቁለት ቦታ ይተዋል፤ ቤት ያለው ቻርጀር ለቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሆናል። የፊቱ ሸራ ሲሳሳ የሚጠጋበትን መዘውር እንዴት እንደሚያዞሩ አሳየናቸው፤ ከመጀመሪያው የክረምት ወር በኋላ ሸራውን አውጥተን ስንለካው ገና ብዙ ቀረው፤ የኋላው የፍሬን ጎማ ግን በቸርኬው ሻካራ ገጽ ምክንያት በፍጥነት ማለቁን ስላየን፣ ሞተሩ ለፍሬን በተላገ ቸርኬ ላይ እንደገና እንዲሠራ ቀጠሮ ይዘናል።